ዐጸድ የሌለው ዐጸደ ሕፃናት፦ የሕፃናት አትክልት ቦታ ታሪክና ለእኛ ያለው ትርጉም

በቋንቋችን ሕፃናት መደበኛ ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት የሚገቡበት ተቋም በሁለት ስሞች ይጠራል። አንደኛው መዋዕለ ሕፃናት፣ ሁለተኛው ዐጸደ ሕፃናት ነው። መዋዕል በግእዝ ዕለታትንና ዘመንን ስለሚያመለክት የመጀመሪያው ስም ጊዜን ይነግረናል፤ ዐጸድ ግን ቦታን ይጠቁማል። ይኸውም የታጠረ፣ የተከለለና የሚጠበቅ ቦታ ማለት ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት የግእዝ ንባብ ዐጸደ ወይን ሲባል የወይን ተክል የለማበትን ቦታ ይገልጻል። በዚህም መሠረት ዐጸደ ሕፃናት የሚለው ስም በ1840 በጀርመን አገር ከወጣው ኪንደርጋርተን ከሚለው ስም ጋር በትርጉም ይገጥማል። የጀርመንኛው ቃል የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጽሑፉ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚሁ ስም የሚመነጭ ነው። ተቋሙ በአትክልት ቦታ ሲሰየም አትክልቱ ምሳሌ ብቻ ነበርን? ወይስ በእርግጥ የሚቆፈር፣ የሚዘራና የሚታረም መሬት ነበረ? ነበረ ከተባለስ እንዴት ጠፋ? ጥያቄው ለታሪክ ዕውቀት ብቻ የሚነሣ አይደለም። የቅድመ መደበኛ ትምህርት በአገራችን በመስፋፋት ላይ በሚገኝበት ጊዜ ሕፃናቱ በምን ሥራ ላይ ይዋሉ የሚለውን መወሰን የእኛ ኃላፊነት ስለሆነ ነው።

ከስሙ በፊት የነበረው ሐሳብ

ሕፃናትን ከዕፀዋት ጋር የማስተማር ሐሳብ ከተቋሙ ይቀድማል። የሞራቪያው ተወላጅ ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ (1592–1670) ታላቁ ዲዳክቲክ በተባለው መጽሐፉ በትምህርት ቤት አጠገብ የአትክልት ቦታ እንዲኖር መክሯል። ዓላማው ተማሪዎቹ ዛፉን፣ አበባውንና ቅጠላ ቅጠሉን በማየት ዐይናቸው እንዲደሰት ነበር። ስለዚህ የኮሜኒየስ አትክልት በዋናው የሚታይ እንጂ በልጆች እጅ የሚሠራ አልነበረም።

እጅን ወደ አፈር ያስገባው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። በ1762 በታተመው ኤሚል በተባለው መጽሐፉ ሕፃኑ ኤሚል ከአስተማሪው ጋር ባቄላ ይዘራል፤ በየቀኑም ውኃ ያጠጣል። አንድ ቀን ግን ቡቃያው ተነቅሎ ያገኘዋል። የነቀለው አትክልተኛው ሮቤር ነው፤ ባቄላው የተዘራው እርሱ አስቀድሞ ሐብሐብ በዘራበት መሬት ላይ ነበርና። በዚህ አጋጣሚ ልጁ የሌላውን ሰው ድካምና ንብረት ማክበርን ይማራል። ሩሶ ብዙ ቃል ከማስጠናት አንዲት ቡቃያ የበለጠ እንደምታስተምር አሳየ፤ ሆኖም ኤሚል በመጽሐፍ ውስጥ የሚኖር፣ ለብቻው አስተማሪ የተቀጠረለት አንድ ልጅ ነው። ብዙ ሕፃናት በአንድነት የሚሠሩበት አትክልት ገና አልተፈጠረም ነበር።

የፍሮብል አትክልት

ይህን የፈጸመው ፍሪድሪክ ፍሮብል ነው። ፍሮብል በ1782 በቱሪንጊያ ውስጥ በምትገኘው በኦበርቫይስባህ ተወለደ። እናቱን ያጣው ገና ዓመት ሳይሞላው ነው። በ15 ዓመቱ በደን ጠባቂ ዘንድ ለሁለት ዓመት ያህል ሙያ እንዲለምድ ተደረገ፤ ከዕፀዋት ጋር የነበረው ቅርበትም በዚያ ጠና። ከ1808 እስከ 1810 በስዊዘርላንድ በኢቨርደን ከተማ በፔስታሎዚ ትምህርት ቤት ቆይቶ ልጅ የሚማረው በስሜት ሕዋሳቱና በሥራ መሆኑን በቅርብ ተመለከተ። ከዚያም በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ለትናንሽ ሕፃናት የሚሆን ተቋም አቋቋመ። የሥራ ጓደኛው ባሮፕ እንደ ተረከው፣ ፍሮብል ለተቋሙ ስም ሲፈልግ ቆይቶ በተራራ መንገድ ሲጓዙ ሳለ ድንገት ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም ጮኾ ተናገረ። ስሙም በሰኔ 28 ቀን 1840 በይፋ ታወጀ።

አትክልቱ ለፍሮብል ምሳሌም እውነተኛ መሬትም ነበር። ሕፃኑን በተክል፣ መምህሩን በአትክልተኛ መሰለ፤ ከዚህም ጋር መሬቱን በመደብ ከፋፈለ። በዕቅዱ መሠረት እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሆነች ትንሽ መደብ ይሰጠዋል፤ ቦታ ከጠበበ ሁለት ልጆች አንዲቱን ይጋሩ ነበር። የግል መደቦቹ በመካከል ሲሆኑ በዙሪያቸው የሁሉም የሆኑ የጋራ መደቦች ይገኛሉ። በጋራው መደብ አበቦችና የእርሻ ሰብሎች በየወገናቸው ስለሚተከሉ ልጆቹ አንዱን ከሌላው እያነጻጸሩ ያያሉ። በግል መደቡ ግን ልጁ የወደደውን ይተክላል። ቢንከባከበው ይለመልማል፤ ቢዘነጋው ይጠወልጋል፤ ለዚህም ተግሣጽ አያስፈልግም። የግሉ መደብ በጋራው መታቀፉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ፍሮብል ልጁ ለራሱ ሥራ ኃላፊ፣ ለማኅበሩም አባል መሆኑን በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ጻፈው ለማለት ይቻላል።

የፕሩስያ መንግሥት በነሐሴ 1851 ኪንደርጋርተንን ከለከለ። የፍሮብል አስተምህሮ በፖለቲካ ጽሑፍ ከታወቀው ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮብል ሐሳብ ጋር መቀላቀሉ ለክልከላው አንዱ ምክንያት ነበር። ፍሮብል በ1852 ክልከላው ሳይነሣ ዐረፈ፤ ትእዛዙ የተሻረው በ1860 ነው።

ስሙ ተሻገረ፣ መሬቱ ቀረ

ተቋሙ ግን ድንበር ተሻግሯል። ማርጋሬቴ ሹርዝ በ1856 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በዋተርታውን በጀርመንኛ የሚያስተምር ኪንደርጋርተን ከፈተች። ኤልሳቤጥ ፒቦዲ በ1860 በቦስተን፣ ሱዛን ብሎው ደግሞ በ1873 በሴንት ሉዊስ ከተማ በሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ አስከተሉ። በዚህ ጉዞ ተቋሙ ከገጠር ከተማ ወደ ትልቅ ከተማ፣ ከደጅም ወደ ክፍል ገባ።

አትክልቱ እንዲቀር ያደረጉት ምክንያቶች ሦስት ይመስላሉ። የመጀመሪያው የከተማ መሬት ጥበት ነው። ሁለተኛው የማስተማሪያ መሣሪያዎቹ ጠባይ ነው። ፍሮብል ስጦታዎች ብሎ የሰየማቸው ኳሶች፣ ኩቦችና የእንጨት ጡቦች በፋብሪካ ሊሠሩ ይችላሉ፤ በአሜሪካ ሚልተን ብራድሌ ከ1869 ጀምሮ እያመረተ ሸጧቸዋል። ኳስና ኩብ በሣጥን ታሽጎ ባሕር ይሻገራል፤ መደብ ግን አይጫንም። ሦስተኛው የመምህራን ሥልጠና ነው። ሥልጠናው በስጦታዎቹ ቅደም ተከተልና በወረቀት ሥራ ላይ እያተኮረ ሲሄድ መቆፈርና መዝራት የማታውቅ መምህርት ተፈጠረች። የማታውቀውን ደግሞ ልታስተምር አትችልም።

ከነዚህ ሌላ አትክልቱ ዓላማውን እየለወጠ የጠፋበት መንገድ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ቤት አትክልት ሠራዊት የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ተማሪዎችን ለምግብ ምርት አሰለፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ ድጋፉ ቆመ፤ ድርጅቱም ፈረሰ። ከዚህ የምንረዳው አትክልቱ በምርቱ ብቻ ሲመዘን ምርቱ አላስፈለገ ዕለት አትክልቱም አላስፈላጊ መስሎ መታየቱን ነው።

አትክልቱን የመለሱ መምህራን

መሬቱ ለድሆች ሕፃናት ሲባል እንደገና ወደ ትምህርት የተመለሰው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ በጥር 1907 በሮም ከተማ በሳን ሎሬንዞ የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፈተች። በ1909 ባሳተመችው መጽሐፍ ተክል ማልማትንና እንስሳት መንከባከብን የሚመለከት ምዕራፍ አለ። እንደ እርስዋ አገላለጽ ሕፃኑ ውኃ ያላገኘ ተክል እንደሚጠወልግ ሲረዳ አስቀድሞ ማሰብን ይለምዳል፤ ዘሩ እስኪበቅል ሲጠብቅም ትዕግሥትን ይማራል። ይህን የሚያስተምረው ተክሉ እንጂ የመምህሯ ቃል አይደለም።

ራሔልና ማርጋሬት ማክሚላን የተባሉ እኅትማማቾች በ1914 በለንደን በዴፕትፎርድ ሰፈር የአየር ላይ የሕፃናት ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሰፈሩ የተጨናነቀ፣ ልጆቹም በበሽታ የተጎዱ ነበሩ። እኅትማማቾቹ አትክልቱን ከሕንፃው ጀርባ አላደረጉትም፤ መጠለያዎቹን ወደ አትክልቱ ከፍተው አትክልቱን ዋናው ክፍል አደረጉት። ራሔል በ1917 ስታርፍ ማርጋሬት ሥራውን ቀጠለች። በ1930 በእኅቷ ስም የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ መከፈቱ በተለይ ሊስተዋል ይገባዋል፤ የሠለጠነ መምህር ከሌለ አትክልቱ እንደማይጸና ከልምድ ተረድታ ነበርና።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ በዘመናዊ መልክ የመጀመሪያው የሕፃናት ተቋም ተብሎ የሚጠቀሰው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ ለምድር ባቡር ሠራተኞች ለፈረንሳውያን ልጆች የተከፈተው ነው። ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ግን የአገራችን ሕፃናት በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ይቆጥሩ፣ በቁርዓን ትምህርት ቤትም ይማሩ ነበር። ስለዚህ ዐጸድና ትምህርት በአገራችን የቆየ ዝምድና አላቸው።

በ1986 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዚህ ደረጃ ትምህርት ለሕፃኑ ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲያተኩር ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ማዕቀፍም ይህንኑ አጠናክሮ ሕፃናቱን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የሚያቀርበውን ዜሮ ክፍል አካቷል። በብዙ ገጠር ትምህርት ቤቶች ግቢ ፍሮብልን የተከተሉ የከተማ መምህራን ያጡት መሬት አለ። ሆኖም አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊደል ሲገለብጥ ቢውል ስሙ ዐጸደ ሕፃናት ቢባልም ዐጸዱ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የገበሬው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ጥጃ ሲጠብቅና አረም ሲያርም እያደገ ለምን ደግሞ በትምህርት ቤት አፈር ይቆፍራል? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። መልሱ በፍሮብል መደብ አቀማመጥ ውስጥ ይገኛል። በማሳ ላይ ልጁ የሚሠራው የቤተሰቡን ሥራ ነው፤ ዘሩን የሚመርጠውም፣ ቢሳሳት የሚጎዳውም ሌላ ነው። በራሱ መደብ ግን ይመርጣል፣ ይገምታል፣ ይጠይቃል፣ ያየውንም ለጓደኞቹ ይናገራል። በዚሁ ምክንያት የሕፃናት መደብ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ከሚለማው እርሻ ፈጽሞ መለየት አለበት። ምርቱ የሚሸጥ ከሆነ ታላላቆቹ መደቡን ይረከቡታል፤ ልጁም ከባለቤትነት ወደ ጉልበት ሠራተኝነት ይወርዳል።

ወቅትና ዘር

የአውሮፓ መጻሕፍት የአትክልት ሥራን በጸደይ ይጀምራሉ። በእነርሱ ጸደይ መጋቢትና ሚያዝያ ሲሆን በኛ ግን መስከረም ነው። ስለዚህ የእነርሱን የሥራ ሠንጠረዥ እንዳለ መቅዳት ስሕተት ይሆናል። እንዲያውም የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ትምህርት ይበልጥ ይመቻል። ትምህርት የሚከፈተው ክረምቱ ሲወጣና አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ነው። በመረሬ አፈር ዝናሙ ሲያባራ የሚዘራው ሽንብራ በመጀመሪያው የትምህርት መንፈቅ ውስጥ ለእሸት ይደርሳል። በዚህም ልጁ ዘርቶ፣ አርሞ፣ ቀምሶ ዑደቱን ይፈጽማል። የበልግ ዝናም በሚዘንብባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አለ።

የዘሩ ምርጫ የሕፃኑን ትዕግሥት መጠን ሊከተል ይገባዋል። ፌጦ በእርጥብ ጥጥ ላይ ቢበተን በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበቅል ለመጀመሪያው ሙከራ ተስማሚ ነው። ቀጥሎ ባቄላና ቦሎቄ ጎን ለጎን ይዘሩ። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክኮቹን ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል፤ ባቄላ ግን ክኮቹን ከአፈር በታች ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። መምህሯ ይህን አስቀድማ መንገር የለባትም። ሕፃናቱ ራሳቸው አይተው ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ይጠይቁ፤ ቆፍረውም ያረጋግጡ። ማንበብ የማይችሉ በመሆናቸው በየመደቡ ስም በመጻፍ ፈንታ እያንዳንዱ ልጅ የመረጠው ሥዕል ይተከል።

አጥሩም አይዘንጋ፤ ፍየልና ዶሮ በአንድ ጠዋት የወር ድካም ያጠፋሉና። ጉሎና አስተናግር ፍሬያቸው መርዛማ ስለሆነ ከግቢው ይነቀሉ። ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ የትምህርቱ ክፍል ይሁን። ግቢው በሲሚንቶ በተሸፈነ የከተማ ተቋም ደግሞ አፈር የተሞላ ሣጥን፣ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም ጆንያ መደቡን ሊተካ ይችላል።

የሥልጠናው ድርሻ

ከታሪኩ እንደ ታየው አትክልቱ የጸናው የሠለጠነ መምህር ባለበት ነው። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ጉዳዩን በአንድ የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ ብቻ ማለፍ አይገባቸውም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በመስከረም የራሱን መደብ ተረክቦ እስከ መንፈቁ ፍጻሜ ይንከባከብ፤ ያየውንም በየሳምንቱ ይመዝግብ። በልምምድ ትምህርትም የሕፃናቱን መደብ የመምራት ችሎታው ይመዘን። በተለይም ከባድ የሆነውን ነገር ይለማመድ፤ ይኸውም የሕፃኑ መደብ ጠውልጎ ሲያይ በምሥጢር ውኃ ከማጠጣት መታገሥና ጠዋት ልጁን ወደ መደቡ አምጥቶ ምን እንዳየ መጠየቅ ነው። ተቆጣጣሪዎችም ተቋሙን ሲጎበኙ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ ብቻ ሳይሆን በደጅ ያለውን መደብ ይጠይቁ፤ የቱ መደብ የማን እንደ ሆነም ከመምህሯ ሳይሆን ከሕፃናቱ አፍ ይስሙ።