አይበገሬነት፦ ከአዊ ደጋ እስከ ጣና ዳር

የአደጋ ሥጋት ሥራ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ «ሪዚሊየንስ» የሚለው ቃል አይጠፋም። በአማርኛ ሰነዶች «አይበገሬነት» ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአገሪቱ ስትራቴጂ መጠሪያም «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ነው።

የላቲን ሥሩ ነጥሮ መመለስን ያመለክታል። ከሥነ ምኅዳር ጥናት ጋር ያዛመደው ካናዳዊው ሲ. ኤስ. ሆሊንግ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1973 ነበር። ዛሬ ቃሉ አደጋ ያንዣበበበት ማኅበረሰብ ምቱን የሚመክትበትን፣ ተቀብሎ የሚያሳልፍበትንና ቶሎ የሚያገግምበትን አቅም ይገልጻል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «አይበገሬ» ሲባል ለአማርኛ ጆሮ የማይደፈር ጀግና ነው የሚታየው፤ ሪዚሊየንስ ግን መመታትን አይክድም። ደራሽ ውሃ ይመጣል፣ ቡቃያም ይወስዳል። ቁም ነገሩ ገበሬው የእርሻ በሬውን ሳይሸጥ፣ ልጁንም ከትምህርት ሳያስቀር ለመጪው ዘር መድረሱ ነው።

የ1998 ዓ.ም. ክረምት ይህ አቅም ሲጎድል ምን እንደሚመጣ አሳይቷል። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ብዙም ሳይቆይ የጣና ዙሪያ ሜዳ በውሃ ተጥለቀለቀ፤ የፎገራና የደንቢያ ገበሬዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ።

ዘንገና ሐይቅ በሚገኝበት በአዊ ደጋ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ፣ በተለይ የዳንግላና የፋግታ ለኮማው፣ በግልገል አባይ በኩል ወደ ጣና ይወርዳል። ግልገል አባይ ደግሞ ከጣና ገባሮች ትልቁ ነው። ስለዚህ እላይ የሚሠራ እርከንና እላይ የሚለካ ዝናብ ለታችኛውም ሰው ይጠቅማል።

በዚህ ረገድ ዳንግላ ጥሩ ምሳሌ አላት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዳንግሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓድ ውሃቸውን ጥልቀት ራሳቸው እየለኩ መዝግበዋል። ሥራው ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የተካሄደ ነው፤ መነሻውም ጎርፍ ሳይሆን ለመስኖ የሚሆን የከርሰ ምድር ውሃ ነበር። መረጃው ሲመረመር ግን ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኘ። ውሃው በየትኛው ወር ስንት እንደሚደርስ በእጁ የመዘገበ መንደር ያልተለመደ አመጣጥ ሲያይ ቀድሞ ይነቃል። እንዲህ ያለው ሥራ በፕሮጀክት ዕድሜ መወሰን አልነበረበትም።

አይበገሬነት በጎርፍ ብቻ አይፈተንም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ በተራቆተና አሲዳማ በሆነ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መሐል ጤፍ ዘርቶ፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰል አክስሎ ኑሮውን አሻሻለ። አፈሩም አገገመ። ሆኖም ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የዋግ በሽታ ዛፉን አጠቃው፤ ገቢውን ሁሉ በዚህ አንድ ዛፍ ላይ የጣለ ቤተሰብ ክፉኛ ተጎዳ። ድንች፣ ንብ ወይም ከብት ጨምሮ የያዘ ቤት ቢያንስ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነበረው።

«አይበገሬነት» የሚለውን ቃል በዓመታዊ ዕቅዳቸው የሚያሰፍሩ ወረዳዎች፣ ወንዙን ማን እንደሚለካ፣ ማስጠንቀቂያው በማን በኩል ወደ ታችኛው ቀበሌ እንደሚደርስና ከብቱ ወደ የትኛው ጉብታ እንደሚወጣ ከክረምት በፊት በስም ይጻፉ።