ለማን ነበር የጋለበው?

አያቴ ስለ አያታቸው ሲያወሩ የሚጀምሩት ከሰውየው አይደለም፤ ከፈረሱ ነው። ፈረሱ ዳማ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው። ከጌታው በቀር ማንንም አያስጠጋም ነበር። ስሙንም ያውቁታል። ሰውየው መቼ እንደተወለደና መቼ እንደሞተ ግን የሚያውቅ የለም። እኛ ቤት፣ ነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ፣ ይኼ ወሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሳል።

ጋዜጠኝነት ተምሬ በተመረቅሁ ሰሞን ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«አኮ፣ ሰውየው ለማን ነበር የሚዋጋው?»

«ተጠራና ሄደ።»

«ማን ጠራው?»

«ኢንተላ ኮ፣ እሱ ተመልሷል። ፈረሱ ነው ያልተመለሰው።»

አለቀ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብለው ያስተማሩኝ መምህራን ይህን ቃለ መጠይቅ ቢያዩት ምን ይሉኝ ይሆን?

መቼም ሰው ይቀናል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) ቅድመ አያቱ በፈረሰኛ ክፍለ ጦር ያገለገለ ሰው ስም ጽፎ መዝገብ ማስፈለግ ይችላል። ክፍለ ጦሩን፣ የተመዘገበበትን ቀን፣ አንዳንዴም የጡረታ ማመልከቻውን ያገኛል። የእኛው ፈረሰኛ ግን ክተት ሲባል ስንቁን ጭኖ፣ በገዛ ፈረሱ፣ የገዛ ጦሩንና ጋሻውን ይዞ የሚሄድ ባላገር ነበር። ስሙን የጠራው አለቃው እንጂ ጸሐፊ አልነበረም። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ እርሻው ይመለሳል። መዝገቡ እንግዲህ የአኮ ቡና ማፍያ ነው።

እኔም ከዚያው ጀመርኩ። በአኮ ዕድሜና በትውልድ ቆጠራ ብንሄድ ሰውየው ጎልማሳ የነበረው ከ1870ዎቹ እስከ 1880ዎቹ ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን በወለጋ ምድር ስማቸው የሚጠራ ሁለት ትልልቅ ጦርነቶች ተደርገዋል። የመጀመሪያው በ1874 ዓ.ም. ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ የተደረገው የእምባቦ ጦርነት ነው። ሁለተኛው በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ራስ ጎበና ዳጬና የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ ከሱዳን የመጡትን ድርቡሾች የመቱበት የጉቴ ዲሊ ጦርነት ነው።

ሁለተኛው ቢሆንልኝ ደስታዬ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ከውጭ የመጣን ጠላት የመከተ ቅድመ አያት ማን ይጠላል? ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ግን አኮ ሳላስበው አንድ ነገር ጣል አደረጉ። «ሲሄድ ክረምቱ ሊገባ ነበር፤ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ነበር» አሉ። ጉቴ ዲሊ የተደረገው በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው። እምባቦ ግን በግንቦት ማለቂያ፣ ክረምቱ ሲጀምር። ይኼ ማስረጃ ሆኖ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ልቤ ግን ወደ እምባቦ አዘነበለ።

እምባቦ ደግሞ የወንድማማቾች ጦርነት ነበር። በአንድ ወገን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ በሌላው ወገን የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት። ሁለቱም የአንድ ንጉሠ ነገሥት፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ገባሮች ነበሩ። ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። ከፋን ልብ በሉልኝ። ከዓባይ ማዶ ያለው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና የማን ይሁን ነው ጥያቄው። ምኒልክም ያንኑ አገር ይፈልጉት ነበር። ሁለት ንጉሦች የተጣሉበት መንገድ የሚያልፈው ደግሞ በእኛ ደጅ ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ቀኑን ለሸዋ ያደረገው የራስ ጎበና ፈረሰኛ ነው። ጎበና የሸዋ ኦሮሞ ነው፤ የሚከተለው ፈረሰኛም በአብዛኛው ኦሮሞ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። አፄ ዮሐንስ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ሁለቱንም ቀጡ። ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ምኒልክ ግን ከዓባይ በስተደቡብ ያለውን አገር አላጡም። ዋናው ነገር ያ ነበር።

ነቀምቴስ? ሞሮዳ በከሬ ቀደም ሲል ከጎጃም ጋር ነበር የሚሠራው። ከእምባቦ በኋላ ነፋሱን አይቶ ለሸዋ ገበረ፤ በምላሹ አገሩን ራሱ እያስተዳደረ ቆየ። ልጁ ኩምሳ፣ በክርስትና ስሙ ገብረ እግዚአብሔር የተባለው፣ ምኒልክ አበ ልጅ አድርገውታል። የኩምሳ ቤተ መንግሥት ከተማችን ውስጥ አለ። ከዚያ ቤት የተገኙ የአማርኛ ደብዳቤዎችን አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። ለወለጋ ልጅ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ደብዳቤው የሚያወራው ስለ ግብር፣ ስለ ወርቅና ስለ ሹመት ነው። የጌታ ደብዳቤ ስለ ጌታ ያወራል። ተራው ፈረሰኛ የለበትም።

እና የአኮ አያት ለማን ጋለበ? ለጎበና? እንበል አዎ። እንግዲያው ዛሬ በኢንተርኔት የሚሰዳደበው ሁሉ ቤታችን ገባ ማለት ነው። ጎበናን አንዱ አገር ያቀና ጀግና ይለዋል፤ ሌላው ስሙን ለከሃዲ መጥሪያ አድርጎታል። ወይስ ለጎጃም? ጎጃም ከእምባቦ በፊት እዚህ አካባቢ ግብር ያስገብር ነበር፤ የገበረ ደግሞ ሲጠራ ይዘምታል። ይኼም ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ አንዱን መርጬ ልጽፍ ነበር። የትኛው እንደሚያኮራኝ እያሰብኩ መሆኑን ሳውቅ ግን አፈርኩ። ቅድመ አያት እየፈለግሁ አልነበረም፤ ለዛሬው ክርክር ምስክር እየመለመልኩ ነበር። ሰውየው እኮ መቶ አርባ ዓመት ወደፊት አስቦ አይደለም የተነሳው። አለቃው ጠራው፤ እምቢ ቢል ከብቱ ይነዳል፣ ቤቱ ይቃጠላል። ሄደ። ፈረሱን አጣ። በሞላ ወንዝ ተሻግሮ በእግሩ መጣ። በዚያን ዘመን ፈረስ ማለት ንብረት ብቻ አልነበረም። ጌታው የሚጠራውም በፈረሱ ነው። ምኒልክን «አባ ዳኘው»፣ ጎበናን «አባ ጥጉ» የሚያሰኛቸው የፈረስ ስም ነው። «አባ» በኦሮምኛ አባትም ነው፣ ባለቤትም ነው። ፈረሱ የሞተበት ሰው መጠሪያውን ቀብሮ ተመለሰ ማለት ነው። አኮ ከፈረሱ የሚጀምሩት ለካ በዚህ ነው።

ስለዚህ የእናንተንም ፈረሰኛ መፈለግ ካሰባችሁ፣ ለማን ተዋጋ ብላችሁ አትጀምሩ። በስንት ትውልድ እንደምትደርሱበት ቁጠሩ። የፈረሱን ስም ጠይቁ። ዝናብ ነበር ወይ በሉ፤ ስንቁ ምን ነበር፣ ስንት ቀን ሄደ፣ ከማን ጋር ተመለሰ። ወገንና ምክንያት ይጠፋሉ፤ ጭቃና ረሃብ ግን ይታወሳሉ። ከዚያ በኋላ ወደ መጽሐፉ ሂዱ።

ደግሞም ዛሬውኑ ጠይቁ። እኔ እምባቦን ሄጄ ላየው አስቤ ሰው ሁሉ ተው አለኝ። በሆሮ ጉዱሩ በቅርብ ዓመታትም ጥይት ተተኩሷል፤ ሰው ሞቷል፤ ቤቱን ጥሎ የተሰደደም ብዙ ነው። ለዚህስ መዝገቡ የት አለ? መቶ አርባ ዓመት ቆይታ አንዲት ልጅ አያቷን «ለማን ነበር የሚዋጋው?» ብላ ስትጠይቅ፣ የምትሰማው «ተጠራና ሄደ» ብቻ እንዲሆን እፈልጋለሁ? አልፈልግም። ስለዚህ አሁን አሁን ሰፈራችን የተጠጉትን ሰዎች እጠይቃለሁ። ደብተሬ ላይ ወገን አልጽፍም። ቀን፣ ወንዝ፣ ዝናብ፣ የላም ስም እጽፋለሁ።

አኮን በቀደም በድጋሚ ጠየቅኋቸው። ሰውየው በእግሩ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ምን አለ? ትንሽ ዝም አሉ።

«ልጓሙን ግድግዳው ላይ ሰቀለ» አሉኝ። «እስኪሞት ሌላ ፈረስ አልገዛም።»

ይኼን ለመስማት መጀመሪያ ስለ ንጉሥ መጠየቅ መተው ነበረብኝ።