ጥቂት የተነዳ ፈጣን አውቶሞቢል፦ የአንድ ቁጥር ዋጋ ታሪክ

ያገለገለ ፈጣን አውቶሞቢል ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ ነው። በአንድ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ሞተራቸውም ቀለማቸውም አንድ የሆነ ሁለት መኪኖች አንዱ 20,000፣ ሌላው 200,000 ኪሎሜትር ከሄደ ዋጋቸው በእጥፍ ድርብ ሊራራቅ ይችላል። በተራ የቤት መኪና ላይ የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ብዙ የሄደ መኪና የቀረው ዕድሜ ያጥራል። አራት በርና ሰፊ የኋላ ወንበር ኖሯቸው እንደ ውድድር መኪና በሚከንፉት ላይ ግን ገዢው ከቀሪ ዕድሜ በላይ ለሆነ ነገር ይከፍላል፦ መኪናው እንዴት እንደተያዘ ለሚመሰክር ማስረጃ። የርቀት ቁጥር ይህን ያህል ክብደት እስኪያገኝ መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ታሪኩ በዋናነት የአሜሪካ፣ የጀርመንና የብሪታንያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያገለገለ መኪና ዋጋ በዝርዝር ታትሞ መውጣት የጀመረው ገበያው ሲሰፋ ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከዚያ በፊት መኪና ያልነበረው ገዢ እያነሰ ሄደ፤ አዲስ የሚገዛው ሰው አሮጌውን ለሻጩ አስረክቦ ልዩነቱን መክፈል ለመደ። ሻጩ የአሮጌውን ዋጋ አብዝቶ ከገመተ ይከስራል፤ አሳንሶ ከገመተ ደንበኛው ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። ሌስ ኬሊ የተባለው የሎስ አንጀለስ ነጋዴ በ1918 በሦስት ፎርድ ሞዴል ቲ መኪኖች ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ መግዛት የሚፈልጋቸውን መኪኖችና የሚከፍልባቸውን ዋጋ በዝርዝር ጽፎ ለሌሎች ነጋዴዎችና ለባንኮች ይልክ ነበር። ዝርዝሩ ተፈላጊ ሆነ፤ በ1926ም «ብሉ ቡክ» ተብሎ መታተም ጀመረ። ጀርመን ውስጥ ተመሳሳይ ዝርዝር በሐንስ ሽዋከ አማካይነት የወጣው በ1957 ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ በጀርመኖች ዘንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ ማለት ሆኖ ቀርቷል።

ዝርዝሩ ቢኖርም የኪሎሜትር ቆጣሪው ራሱ የሚታመን አልነበረም። ቆጣሪው በጥርስ ተያይዘው የሚሽከረከሩ ቁጥር የተጻፈባቸው ጎማዎች ስብስብ ስለነበረ፣ የእጅ መሣሪያ የያዘ ሰው ከዳሽቦርዱ አውጥቶ ወደፈለገበት ይመልሰዋል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ላይ የነበረው ቆጣሪ ባለ አምስት አኃዝ ስለሆነ ደግሞ 99,999 ማይል ሲሞላ ያለማንም እጅ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት ለመከራከሪያነት የመረጠው ያገለገለ መኪና ገበያን መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። ገዢ ደህናውን መኪና ከተበላሸው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ መካከለኛው ዋጋ ደግሞ ደህና መኪና ላለው ሰው ስለማይበቃው መኪናውን ከገበያ ያስቀረዋል። መኪናውን በጥንቃቄ ይዞ ጥቂት የነዳ ሰው ሐቁን ቢናገርም የሚያምነው አልነበረም። አከርሎፍ በዚህ ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ሕጉ የመጣው ከጥናቱ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1972 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ገዢን ለማታለል ቆጣሪ መመለስን ከለከለ፤ ሻጭም መኪናው የሄደበትን ርቀት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አስገደደ። በ1986 የተጨመረው ሕግ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፦ ርቀቱ በባለቤትነት ሰነዱ ላይ፣ እኛ ሊብሬ በምንለው ዓይነት ወረቀት ላይ፣ እንዲጻፍ አዘዘ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ከመኪናው ውጭ በመንግሥት መዝገብም ላይ መኖር ጀመረ። በ1984 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት የተመሠረተው ካርፋክስ እንዲህ ያሉ መዝገቦችን ሰብስቦ የመኪናን ታሪክ ለነጋዴዎች በፋክስ ይልክ ነበር። በአውሮፓ ጀርመን ቆጣሪ መመለስን በራሱ ወንጀል ያደረገችው በ2005 ሲሆን፣ ቤልጅየም ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዱ ያገለገለ መኪና የርቀት ታሪኩን የያዘ ወረቀት ሳይኖረው እንዳይሸጥ ከልክላለች።

ፈጣኑ ባለ አራት በር መኪና የተወለደው ከእነዚህ ሕጎች ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የመርሴዲስ መሐንዲስ ኤሪክ ቫክስንበርገር የትልቁን 600 ሊሙዚን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ከዚያ ባነሰ አካል ውስጥ አስገባና 300 ኤስኢኤል 6.3 በ1968 በጄኔቭ ትርኢት ላይ ቀረበ። 250 የፈረስ ጉልበት የነበረው ይህ መኪና እስከ 1972 ድረስ በ6,526 ብዛት ተሠራ፤ የተካው 450 ኤስኢኤል 6.9 ደግሞ 7,380 ደረሰ። ሁለቱም የተገዙት ሊነዱ ነበር። ባለቤቶቻቸው ጠዋት ከአንድ ከተማ ተነሥተው ለከሰዓት ስብሰባ ሌላ ከተማ የሚደርሱ፣ የጀርመንን ፈጣን ጎዳና እንደ መሥሪያ ቤታቸው የሚቆጥሩ ሰዎች ነበሩ። ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና እሑድ ወጥቶ ሳምንቱን ጋራዥ ውስጥ ሊያድር ይችላል፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስና ሻንጣ የሚጭን አውቶሞቢል ግን ዕረፍት የለውም። ዛሬ ጥቂት የተነዳ ፈጣን አውቶሞቢል ውድ የሆነበት ዋና ምክንያት ይህ ነው፦ ገና ከመጀመሪያው ሳይነዳ የሚያስቀምጥ ሰው እጅ የገባው እጅግ ጥቂት ነበር።

ቢኤምደብሊው ኤም 5 በ1985 በአምስተርዳም ሲቀርብ ይህንኑ አስተሳሰብ እስከ ጥጉ ወሰደው። ከኤም 1 የስፖርት መኪና የመጣውን 286 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተራ በሚመስል ባለ አራት በር አካል ውስጥ ይዞ፣ በጊዜው በዓለም ፈጣኑ በፋብሪካ የሚመረት ሴዳን ተባለ። የአሜሪካው ዓይነት ለ1988 ሲመጣ ቁጥሩ 500 ያህል ብቻ እንደሚሆን ተነግሮ ነበር፤ ገበያ ላይ የዋለው ግን ከ1,200 በላይ ሆነ። ገዢዎቹ ብርቅ መኪና ገዛን ብለው ስለነበር በቡድን ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩም ለሌላ አዲስ መኪና መግዣ የሚሆን የ4,000 ዶላር ቅናሽ ወረቀት ተሰጥቷቸው በስምምነት አለቀ። ክሱ የሚያሳየው ነገር አለ፤ በዚያ ጊዜ ገዢዎች ስለ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን መኪናው ወደፊት ስለሚያወጣው ዋጋም ማሰብ ጀምረው ነበር።

የብርቅነትን ነገር ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው መርሴዲስ 500 ኢ ነው። በ1990 ፓሪስ ላይ የታየው ይህ መኪና ባለ አምስት ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 326 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበረው። የልማት ሥራውም ሆነ የመገጣጠሙ ኃላፊነት ለፖርሸ ተሰጠ። ሰፋ ብለው የወጡት ፓራፋንጎዎቹ በመርሴዲስ የዚንደልፊንገን ፋብሪካ መስመር ላይ ችግር እንደፈጠሩ ይነገራል፤ ፖርሸም በዚያ ጊዜ ሥራ አጥሮት ነበር። አካሉ በፖርሸ የጹፈንሃውዘን ፋብሪካ ተገጣጥሞ ለቀለም ወደ ዚንደልፊንገን ይመለሳል፤ ከቀለም በኋላ 959 የተባለው የፖርሸ መኪና በተሠራበት አዳራሽ ሞተሩና የቀረው ሁሉ ይገጠምለታል፤ ከዚያ እንደገና ለመጨረሻ ምርመራ ወደ ዚንደልፊንገን ይሄዳል። አንዱን መኪና ለመጨረስ 18 ቀን ይፈጅ ነበር። እስከ 1995 የተሠራው 10,479 ነው። በአዲስነቱ በጀርመን ከ134,000 ማርክ በላይ የወጣበት ይህ መኪና፣ ከዓመታት በኋላ ባለማወቅ እንደ ማንኛውም ያረጀ መርሴዲስ ተሽጦ የሦስተኛና የአራተኛ ባለቤት መጫወቻ ሆነ። ያኔ ከተራው ወንድሙ በመልክ በአብዛኛው በፓራፋንጎው ስፋት የሚለየው መኪና ምን እንደሆነ ያወቁና ወረቀቱን ሳይጥሉ የያዙ ሰዎች ዛሬ ሌላ ዋጋ ይጠይቃሉ።

ብሪታንያ ውስጥ ዋጋውን የወሰነው ሌላ ኃይል ነበር፦ ሌባና መድን። ሎተስ የቮክስሆል ካርልተንን ወስዶ 377 የፈረስ ጉልበትና በሰዓት 283 ኪሎሜትር ገደማ ፍጥነት ሰጠው። መኪናው ከ1990 ጀምሮ ሲሸጥ እንዲህ ያለ ፍጥነት በሕዝብ መንገድ ላይ ይገባል ወይ የሚል ክርክር በጋዜጦችና በፓርላማ ተነሣ። በ1993 የተሰረቀ አንድ ካርልተን የሱቅ ዘራፊዎች ማምለጫ ሆኖ ለወራት ሲሠራ የፖሊስ መኪኖች ሊደርሱበት አልቻሉም። ሊሠሩ ከታቀዱት 1,100 የተመረቱት 950 ብቻ ናቸው። ባለ አራት በሩ ፎርድ ሴራ ሳፋየር ኮስዎርዝ ደግሞ የመኪና ሌቦች ዋነኛ ምርጫ ስለሆነ፣ የመድን ክፍያው መኪናውን መያዝ እስከማያስችል ድረስ ናረ። መድን ያላገኘ ገዢ መኪና አይገዛም፤ ስለዚህ በ1990ዎቹ የእነዚህ መኪኖች ዋጋ በጣም ወደቀ። ብዙዎቹ ተሰረቁ፣ ተጋጩ፣ ሞተራቸው ከልክ በላይ ተነካክቶ ተበላሹ። ዛሬ ሳይነካኩና ብዙ ሳይነዱ የቀሩት ውድ የሆኑት ያ ዘመን ሌሎቹን ስለፈጃቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የዋጋ መንገድ በአብዛኛው ይመሳሰላል። ፈጣን አውቶሞቢል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተራ መኪና ይበልጥ ዋጋ ይጥላል፤ ምክንያቱም ዋጋው ሲወርድ የጥገናው ወጪ አብሮት አይወርድም። በአዲስነቱ ዋጋ አንድ አሥረኛ የተገዛ መኪና መለዋወጫው ግን የሚሸጠው በአዲስ መኪና ዋጋ ልክ ነው። በ2005 የቀረበው ኤም 5 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። 507 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አሥር ሲሊንደር ሞተሩ ሲሰማ ልብ ይሰርቃል፤ ሆኖም የቢየላው ብሮንዚና ቶሎ በማለቅ ይታወቃል፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ካምቢዮም ሲበላሽ ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ የሁለተኛ እጅ ገበያው ፈርቶት ኖሯል። ከእርሱ በፊት ከ1998 እስከ 2003 የተሠራው 400 የፈረስ ጉልበት ኤም 5 በእጅ ማርሽ ብቻ የመጣና በጥገናም የቀለለ በመሆኑ ቀድሞ ወደ ላይ ወጣ። የሁለቱም ብዛት ከ20,000 ጥቂት ከፍ ይላል፤ ልዩነቱን ያመጣው ብርቅነት ሳይሆን ባለቤት ከገዛ በኋላ የሚጠብቀው ወጪ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አነስተኛ ቁጥር ማለት ብሮንዚናውና ፍሪሲዮኑ ገና አልተበላም የሚል ተስፋ ነው።

ተስፋው ግን ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። ሳይንቀሳቀስ የቆመ መኪና ያረጃል። ጎማው ሳይበላ ይደርቃል፣ የሞተር ጎሚኒዎች ይሰነጠቃሉ፣ በሰልባትዮው የቀረ ቤንዚን ይበላሻል፣ የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል። 10,000 ኪሎሜትር ብቻ የሄደ የ30 ዓመት መኪና ወደ መንገድ ከመመለሱ በፊት ሰፊ ጥገና ሊጠይቅ ይችላል። አስተዋይ ገዢዎች ከዚህ የተነሣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የተነዳና ሰርቪሱ በሰዓቱ የተደረገለትን ይመርጣሉ፤ ዝቅተኛውን ቁጥር የሚያሳድደው ግን በአብዛኛው መንዳት የማያስብ ሰብሳቢ ነው።

ሰብሳቢዎቹን ያበዛው የኢንተርኔት ጨረታ ነው። በ2007 የተጀመረውና ከ2014 ወዲህ ጨረታ የሚያካሂደው ብሪንግ ኤ ትሬለር እያንዳንዱን ሽያጭ በብዙ ፎቶዎችና በግልጽ ዋጋ ስላቀረበ፣ በነጋዴዎች መካከል የቆየው የዋጋ ዕውቀት ለማንም ክፍት ሆነ። በዚያው ዘመን የእጅ ማርሽ ከፈጣን ሴዳኖች እየጠፋ ሄደ፤ በ2017 የወጣው ኤም 5 በአውቶማቲክ ብቻ መጣ። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝና የቺፕ እጥረት ተከተሉ። በሰኔ 2021 አሜሪካ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ ከዓመቱ በፊት ከነበረው በ45 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ በጋራዥ የተቀመጠ ጥቂት የተነዳ መኪናም ባለቤቱን አከበረ።

ቁጥሩ ሲወደድ የሚያጭበረብረውም አይጠፋም። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2002 ባወጣው ግምት በየዓመቱ ከ450,000 በላይ መኪኖች በሐሰተኛ ቁጥር ይሸጣሉ። ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ማጭበርበሩን አላቆመውም፤ ኮምፒውተር ተሰክቶ በደቂቃዎች ይለወጣል። ከዚህ የከፋው በሕጉ ውስጥ የነበረው ክፍተት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው መኪና ርቀቱን ከማሳወቅ ግዴታ ነፃ ነበር፤ ፈጣን አውቶሞቢል ዋጋው መነሣት የሚጀምረው ደግሞ ልክ ከዚያ ዕድሜ በኋላ ነው። ከ2021 ጀምሮ ግዴታው ወደ 20 ዓመት ተራዘመ፤ ሆኖም የሚመለከተው የ2011 እና ከዚያ በኋላ የወጡ ሞዴሎችን ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ወዲህ በየጊዜው በሚደረግ የቴክኒክ ምርመራ ላይ ርቀቱ ይመዘገባል።

500 ኢም ሆነ የቀድሞዎቹ ኤም 5 መኪኖች ከአሜሪካው ሕግ ውጭ ቀርተዋል። በእነርሱ ላይ ማስረጃ የሚሆነው የሰርቪስ ደብተሩ፣ በየጋራዡ ቀን የተጻፈባቸው ደረሰኞችና የቀድሞ የምርመራ ወረቀቶች ናቸው። ከወረቀቱ ቀጥሎ መርማሪው የሚያየው እጅ የነካውን ቦታ ነው፦ የመሪው ቆዳ ምን ያህል እንደለሰለሰ፣ የፍሬን ፔዳል ጎማ ምን ያህል እንደተበላ፣ በሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ላይ መሸብሸብ መኖር አለመኖሩ። 30,000 ኪሎሜትር የሚል ቆጣሪና ተበልቶ ያለቀ ፔዳል አንድ መኪና ላይ ከተገኙ፣ ገዢው ዋጋውን የሚነጋገረው በፔዳሉ መጠን ነው።