ጦጣ ያዘነው እኛ ምን እንሁን?



ከሶላት በኋላ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ፦ «ሳይንቲስቶች እዝነትም ፍትሕም ከእንስሳት የመጣ ነው ይላሉ። ታዲያ የኛ አኽላቅ ምን ዋጋ አለው?» ከመደንገጣችን በፊት እስኪ ታሪኩን እንመልከት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በበስራ የነበሩት ኢኽዋን አስ-ሶፋ (ዐቂዳቸውን ብዙ ዑለሞች ተችተዋል) በ22ኛው ሪሳላቸው አንድ የክስ ታሪክ ጽፈዋል። እንስሳት የሰውን በደል ለጂኖች ንጉሥ አቤት ይላሉ። ሰው «እኔ ጌታቸው ነኝ» እያለ በመልኩና በጥበቡ ይመካል። እንስሳቱም የየራሳቸውን መልካም ጠባይ እየቆጠሩ መልስ ይሰጡታል።

በ1871 ቻርለስ ዳርዊን ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ጉዳዩን በሌላ መንገድ አነሳው። በሰው አፈጣጠር ላይ ከሱ ጋር ያለን ልዩነት ግልጽ ነው። ግን ያለውን እንወቅ፦ በመንጋ የሚኖሩ እንስሳት ይተዛዘናሉ፤ በዚህ ላይ የሰፋ አእምሮ ሲጨመርበት፣ ያለፈ ሥራን እያሰቡ መጸጸት፣ ማለትም ሕሊና ይመጣል።

በ1964 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ታተመ። ጦጣው ሰንሰለት ሲስብ ምግብ ያገኛል፤ ነገር ግን አንደኛው ሰንሰለት በተሳበ ቁጥር ከመስታወቱ ማዶ ያለ ሌላ ጦጣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። አብዛኞቹ ያንን ሰንሰለት ሸሹት። አንዱ ለ5 ቀን፣ ሌላው ለ12 ቀን ምንም ሰንሰለት ሳይስብ ተራበ። ሱብሓነላህ!

ታዲያ ይህ የሰውን አኽላቅ ያሳንሰዋል? አያሳንሰውም። በዚያ በጥንቱ የክስ ታሪክ ሰው በመጨረሻ የረታው በመልኩም በጥበቡም አልነበረም። እንስሳቱ መልስ ያጡለት ስለ አኼራ ሲናገር ነው። ሰው ከሞት በኋላ ይቀሰቀሳል፤ ስለ ሥራውም ይጠየቃል።

እዝነት በእንስሳትም ውስጥ ካለ፣ «ተፈጥሮዬ ጨካኝ ነው» የሚል ሰው ምክንያት አይኖረውም። ያ ጦጣ ኪታብ አልቀራም፤ ደርስ ላይ አልተቀመጠም። እኛ ቀርተናል፤ ሰምተናል። ጎረቤት ተርቦ ስናልፍ፣ ከአቅሟ በላይ የተጫነች አህያ ስትደበደብ ቆመን ስናይ፣ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

አላህ ከሚያዝኑት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።