ቤት ለተኛ ታማሚ፦ ክሳቱን እንዴት እንወቅ፣ ምን እናብላው?

ከአሊ አዴ ወይም ከሆልሆል ካምፕ ለሕክምና ጅቡቲ ከተማ መጥታችሁ፣ ባልባላ ቤት ተከራይታችሁ ታማሚ የምታስታምሙ ወገኖች፣ ሚዛን ባይኖራችሁም የታማሚውን ሁኔታ መለየት ትችላላችሁ። እኔ የምለው በዓይን ብቻ አትፍረዱ ነው፤ እብጠት ክሳትን ይሸፍናል።

ልጅ ከሆነ፦ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ጤና ሠራተኞች የክንድ መለኪያ ጥብጣብ አላቸው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ (ቀይ) ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 (ቢጫ) መካከለኛ ነው። የሁለቱንም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ጫን አድርጉ። ሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ፣ ጥብጣቡ አረንጓዴ ቢያሳይም ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

አዋቂ ከሆነ፦ ቀበቶው ላልቷል? ልብሱ ሰፍቶታል? 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳይፈልግ በ6 ወር ውስጥ 6 ኪሎ ከቀነሰ ሐኪም ይየው።

አመጋገብ፦ አንዴ ብዙ ከማቅረብ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስጡት። አጥሚቱ ወይም ሩዙ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ምስር፣ እንቁላል ወይ ዓሣ ይኑርበት። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ።

ፕላምፒናት የታዘዘለት ልጅ ካለ፣ እሱ ምግብም መድኃኒትም ነው። አንዱ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ሌሎቹ ልጆች እያዩ ለአንዱ ብቻ መስጠት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ከተካፈሉት ግን የታመመው አያገግምም።