በይፋግና በደብረ ታቦር አካባቢ የወታደር አገልግሎት አቆጣጠር፤ ስለ መዝገብ እርማት አቤቱታ አጭር ጥናት

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ይፋግ የምትባል የቆየች ከተማ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀች የገበያ ስፍራና የቀረጥ መቀበያ በር ነበረች። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎጃም የሚወርድ ነጋዴ በዚሁ መስመር ያልፋል፤ የሚዘምት ጦርም እንዲሁ። የነጋዴው ጭነት በኬላ ይቆጠር ነበር። የወታደሩ አገልግሎትስ በምን ይቆጠር ነበር? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄውም የጥንት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ጡረታ የወጣ ወታደር «የአገልግሎት ዘመኔ በመዝገብ ተሳስቶ ተጽፏልና ይታረምልኝ» ብሎ ባመለከተ ቁጥር እንደገና ይነሣል።

በቀድሞው ሥርዓት የወታደር ደመወዝ በአብዛኛው መሬት ወይም ከመሬት የሚገኝ ግብር ነበር። ማደሪያ የተሰጠው ወታደር በሚያገለግልበት ዘመን ይበላበታል፤ አገልግሎቱን ሲተው ይለቃል። እንግዲህ ማን ወታደር እንደ ሆነና በማን ሥር እንደ ዘመተ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መሬቱን ማን እንደሚበላ ቢጠይቅ ይበቃው ነበር። በየአድባራቱ በወንጌል ኅዳግ የተጻፉት ሰነዶችም በብዛት የሚናገሩት ስለ ጉልትና ስለ ርስት ነው፤ ተራው ወታደር ስንት ዓመት እንደ ዘመተ ከእነርሱ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከመሬቱ ሌላ ሁለተኛው መዝገብ የባልንጀራ ምስክርነት ነበር። ወታደር በጌታው ግብር ላይ ተነሥቶ ሲፎክር የት እንደ ዋለ፥ ማንን እንደ ጣለ ይቆጥራል። ይህን የሚሰሙት አብረውት የዋሉ ሰዎች ስለ ሆኑ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል የሚያፍረው በአደባባይ ነው። ፉከራ የጀግንነት ጌጥ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን በጽሕፈት ባልተያዘ ሠራዊት ውስጥ የአገልግሎት ማስረጃ ሆኖ ያገለግል እንደ ነበር ልብ ሊባል ይገባል።

ሠራዊቱን በቁጥር ለመያዝ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ከዚሁ አገር ጋር የተያያዘ ነው። ደብረ ታቦርን አንዱ ዋና መቀመጫቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞከሩ፤ ጦሩንም በአሥር አለቃ፥ በአምሳ አለቃ፥ በመቶ አለቃና በሻለቃ ከፋፈሉት። እነዚህ የማዕረግ ስሞች ቁጥር መሆናቸውን ማስተዋል ይጠቅማል። ነገር ግን የሚቆጥሩት የሰውን ብዛት እንጂ የአንዱን ሰው ዓመታት አልነበረም። የዓመታት ቁጥር አስፈላጊ የሆነው ወታደር በገንዘብ ሲቀጠርና ሲያረጅ ጡረታ የሚያገኝበት ሕግ ሲወጣ ነው።

ይህ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የጠላት ወረራ በመካከል ገባ። ማይጨው ላይ ጦርነቱ የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በበጌምድር ብዙ ሰው በየጎበዝ አለቃው ሥር ሆኖ ጠላትን ሲዋጋ ኖረ። ለእነዚህ አርበኞች የደመወዝ መዝገብ የያዘላቸው አልነበረም፤ ስማቸውን የሚያውቀው አለቃቸውና የመገባቸው የአገር ሰው ነበር።

በዚህ ላይ የበጌምድርን ነገር ልዩ የሚያደርገው የቀኑ ጉዳይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለ ሆነ ይህ ቀን የነጻነት ቀን ሆኖ በአገሪቱ ሁሉ ይከበራል። በበጌምድር ግን ውጊያው በዚያ ቀን አላበቃም። የደብረ ታቦር የጠላት ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሲሆን፥ ጎንደር ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል 206 ቀን አለ። የጦርነቱን መጨረሻ በሚያዝያ 27 የሚዘጋ ጸሐፊ ለሸዋ አርበኛ ትክክለኛ ሒሳብ ሠራ ይባል ይሆናል፤ እስከ ኅዳር የተዋጋውን የይፋግ ሰው ግን ሰባት ወር ያህል ያጎድልበታል። ስሕተቱ የመጣው ከክፋት ሳይሆን የአንዱን ቦታ ቀን ለሁሉ ቦታ ከማድረግ ነው።

ከነጻነት በኋላ ሠራዊቱ በአዲስ መልክ ሲደራጅ ከ1934 እስከ 1943 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ልዑክ በማሠልጠን ሥራ ተካፍሏል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቃኘው ሻለቆች በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ወደ ኮሪያ ዘመቱ። በዚህ ዘመን የአንድ ወታደር ታሪክ በሁለት ቋንቋና በሁለት የዘመን አቆጣጠር መጻፍ ጀመረ ማለት ነው። ቀጥሎም የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 የሲቪሉንም የወታደሩንም የጡረታ መብት በአገልግሎት ዘመን ላይ መሠረተው። መሬቱና የባልንጀራው ቃል የሚመሰክሩት ነገር ከዚያ ወዲህ ከዶሴ ውስጥ መገኘት ነበረበት።

በዶሴ ውስጥ ስሕተት የሚገባባቸው በሮች በተለይ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ወታደር በጥር 1934 ዓ.ም. ተቀጠረ እንበል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይህ 1942 ነው። ጸሐፊው የየትኛው አቆጣጠር መሆኑን ሳያመለክት «1942» ብሎ ቢጽፍ፥ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጠው ሌላ ጸሐፊ እንደ ኢትዮጵያ ዘመን ሊያነበው ይችላል። ወታደሩ በ1959 ዓ.ም. ቢሰናበት እውነተኛው አገልግሎቱ 25 ዓመት ሲሆን በመዝገቡ 17 ይሆናል። ስምንት ዓመት በአንድ ያልተጻፈ ምልክት ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስም ነው። በአገራችን ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ በጦር ሰፈርም በቅጽል ይጠራል። ደግሞም ፊደላችን ድምፃቸው አንድ የሆነ ሀ፥ ሐ፥ ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ስላሉት ያው ስም በአንዱ መዝገብ «ኃይሉ»፥ በሌላው «ሀይሉ» ሆኖ ይጻፋል። ለሚሰማው ጆሮ አንድ ሰው ናቸው፤ ፊደል ለሚያመሳክር ጸሐፊ ግን ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው የገጠር ልጅ ዕድሜውን የሚያውቀው «በእገሌ ዘመን፥ በዚህ ጦርነት ጊዜ እረኛ ነበርሁ» እያለ ነው። ሲቀጠር በግምት የተሞላው ዓመት በኋላ እንደ ጽኑ ማስረጃ ይያዝበታል።

የእነዚህ ስሕተቶች ዋጋ ቀላል አይደለም። አሁን በሚሠራበት በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያነሰ ያገለገለ ሰው ለአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኛል። ስለዚህ በ10 ዓመት ድንበር ላይ ለቆመ ሰው የጥቂት ወራት ጉድለት የዕድሜ ልክ እንጀራ ጉዳይ ነው። የሚስቱና የልጆቹ የተተኪ አበልም ከዚሁ ጋር አብሮ ይወድቃል። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን እጅግ ብዙ ወታደር በወጉ ሳይሰናበት ወደ ቀዬው ተመልሷል። በዚያ ዓመት ወጣት የነበሩት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸውና ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

ለመዝገብ ቤቱም ወገን መናገር ይገባል። የተጻፈው ሁሉ በቃል ምስክር የሚፋቅ ከሆነ ሐሰተኛ ምስክር ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፤ ጡረታውም የሕዝብ ገንዘብ ነው። ለመጀመሪያው ጽሑፍ ትልቅ ክብደት መስጠት መሠረት ያለው ጥንቃቄ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጽሑፍ ራሱ ጸሐፊው ከወታደሩ አፍ ሰምቶ የጻፈው ቃል መሆኑ መረሳት የለበትም። ወረቀት ላይ ስለ ዋለ ብቻ ከኋለኛው ቃል የበለጠ እውነት አይሆንም፤ ሁለቱም መመርመር አለባቸው።

የመመርመሪያውም መንገድ አለ። አመልካቹ ዓመተ ምሕረቱን ባያውቅም አለቃውን፥ የሰፈረበትን ቦታና ያየውን ውጊያ ያውቃል። «ጎንደር ሲያዝ ነበርሁ» ያለ ሰው ቀኑን ሳያውቅ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ማለቱ ነው። ሁለትና ሦስት የማይዛመዱ ምስክሮች ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ቦታና አንድ አለቃ ከጠሩ፥ የጠሩትም ከታወቀው የጦር ታሪክ ጋር ከተስማማ፥ ይህ ማስረጃ ከአንድ መስመር ጽሑፍ አያንስም። ቀድሞ በግብር ላይ ባልንጀራ የባልንጀራውን ፉከራ ይመዝን የነበረው በዚሁ ዓይነት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የእርማት አቤቱታ የችሮታ ልመና አለመሆኑን ነው። አመልካቹ የሚያቀርበው የታሪክ ክርክር ነው፤ ቀንን፥ ስምንና ቦታን ያመሳክራል። የታሪክ ተማሪዎችም በዚህ ልንረዳው እንችላለን። በይፋግ፥ በአዲስ ዘመን፥ በወረታና በደብረ ታቦር የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች የሚያስታውሱትን የክፍልና የአለቃ ስም፥ የሰፈርና የዘመቻ ቀን በጥንቃቄ ሰብስቦ ከታተሙ የታሪክ መጻሕፍት ጋር ማስተያየት ለጥናት የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ለአንዳንዱ ሽማግሌም የጎደሉትን ዓመታት ሊመልስለት ይችላል።