የውጭ ሃርድ ዲስክ በቆየ ላፕቶፕ ላይ ለምን አይከፈትም?

የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ የአባላትን የማዳበሪያ ብድር መዝገብ የያዘውን የውጭ ሃርድ ዲስክ በጽሕፈት ቤቱ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ፣ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት ሊመጣ ይችላል። ይህ መልእክት ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ላፕቶፑ የዲስኩን የፋይል አደረጃጀት ሳያውቀው ሲቀርም ይመጣል። "አዎ" ብሎ መጫን ግን መዝገቡን ለማጥፋት መስማማት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን በእምቢታ መዝጋት፣ ቀጥሎም ዲስኩን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ይገባል።

የፋይል አደረጃጀቶቹ በብዛት ሦስት ናቸው፤ ፋት32፣ ኤንቲኤፍኤስ እና ኤክስፋት። እ.አ.አ በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያነባል። ኤክስፋትን የሚያነበው ግን ማይክሮሶፍት በ2009 ያወጣው ማሻሻያ ሲጫንበት ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ከሰርቪስ ፓክ 1 ጀምሮ፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ያለ ተጨማሪ ነገር ኤክስፋትን ይከፍታሉ።

መፍትሔው ዲስኩ በሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ፣ ከዚያም ፋይሎቹን መመለስ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የሚመለስ ፋይል አይኖርም። ፋት32 በሁሉም ቦታ ለማለት ይቻላል ይከፈታል፤ ሆኖም 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ አልገለበጥ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የማክ ኮምፒውተር በበኩሉ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይጽፍበትም።

የዲስኩ መጠንም እንቅፋት ይሆናል። በብዛት የሚገኘው ባለ 32 ቢት ኤክስፒ ጂፒቲ በተባለው ስልት የተከፋፈለን ዲስክ አይከፍትም፤ ኤምቢአር የተባለው የቀድሞው ስልት ደግሞ በተለመደው አሠራር ከ2 ቴራባይት አያልፍም። ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ 500 ጊጋባይት ወይም 1 ቴራባይት ዲስክ መግዛት ያዋጣል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ኃይል አንሶት ሊሆን ይችላል። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር ሲሰጥ፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ይሰጣል። ሁለት መሰኪያዎችን በአንድ ጊዜ የሚጠቀም ባለ ሁለት ራስ ገመድ ወይም የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ዲስክ ችግሩን ያቃልላል። ድምፁ በአዲስ ኮምፒውተርም ላይ ካልቆመ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ነውና ፋይሎቹን ቶሎ መገልበጥ ያሻል።

አዲስ የዩኤስቢ 3.0 ዲስክ በቆየው መሰኪያም ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል። በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ቢገለበጥ 100 ጊጋባይት ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ላይ ይህን ሥራ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት መጀመር አይመከርም። ሲጨረስም ዲስኩን ከመንቀል በፊት ከሰዓቱ አጠገብ ባለችው ምልክት በኩል ማሰናበት ያስፈልጋል።